የቡቺ ጾም

እማዬ ከአዲስ አበባ የመጣችው ነፍሰ ጡር ሚስቴን ልታርስ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትደርስ ግን ቤቱ ውስጥ ሌላም ታማሚ ጠበቃት። የውሻችን የቡቺ አንገት በንፍፊት አብጧል። ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ተብሎ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ጀምሯል።

«ለውሻ ኬሞ? እኛ አገር ሰው ወረፋ እየጠበቀ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

የእንስሳት ሐኪሟ አስረድታናለች። መድኃኒቱ በሽንቱ፣ በዓይነ ምድሩ፣ በትውከቱና በምራቁ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ኬሞ በኋላ ሦስት ቀን ያለ ጓንት ማጽዳት የለም። ዓይነ ምድሩ በሁለት ፌስታል ይታሰራል፤ የሚተኛበት ጨርቅ ለብቻው ይታጠባል። እርጉዝ ሴት ደግሞ ቆሻሻውን ከነጭራሹ አትነካካም፤ ለጽንሱ ያሰጋል። ውሻውን መደባበስ ይቻላል፤ መላስ ነው ክልክሉ። ቶሎ ቶሎ ወደ ውጭ ማውጣትም አለብን። ይሄኛው እንኳን ለራሱ ነው፤ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው ክኒን ሽንት ውስጥ ሲቆይ ፊኛውን ያቆስለዋል።

እኔን ያዋረደኝ ይኸው ክኒን ነው። አይከፈልም፣ አይፈጭም። ጓንት አድርጌ አይብ ውስጥ ደብቄ ሰጠሁት። ዋጠው ብዬ ዞር አልኩ።

ማታ እማዬ ሳሎን ስትጠርግ ከሶፋው ሥር የሆነ ነገር አየች። «ይቺ ከረሜላ የማናት?» ብላ ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ ተዪው!»

እናቴ ላይ ጮኬ አላውቅም ነበር። ቡቺ አይቡን በልቶ ክኒኑን ተፍቶታል። ሽፋኑ በምራቅ ርሶ ተልጧል። በጓንት አንስቼ አሸግኩት፤ ወለሉን በሳሙና አጠብኩ። ሐኪሟ ጋ ስደውል «ሌላ እንዳትሰጠው፣ ያንን ይዘህልኝ ና» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የጓንቱ ካርቶን በእማዬ እጅ ነው። ክኒን ስሰጠው አጠገቤ ትቆማለች። «አፉን ክፈተው፤ ከምላሱ ሥር እይ» ትለኛለች። ውሻ ቤት ውስጥ መኖሩን ግን ዛሬም አልተቀበለችውም።

ሦስቱን ቀን የቡቺ ጾም ነው የምትለው። ሐኪሟ የፈቀደችውን መደባበስ እንኳ ለሚስቴ ከልክላለች። ቡቺ ሊጠጋት ሲል «ገና ሁለተኛው ቀን ነው!» ትላለች ከወጥ ቤት።

ትናንት አራተኛው ቀን ገባ። እማዬ ጣቷን ቆጥራ ሚስቴን «በቃ፣ ፍቺ» አለቻት። ቡቺ ሄዶ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስደገፈ።