ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ

ዛሬ የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ስለዋለ ሆጤ ሰፈር የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ቤት ቡና ስጠጣ አመሸሁ። በደርግ ዘመን ነርስ ነበሩ፤ ከግንባር የሚመጡ ቁስለኞችን አክመዋል። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው ደብዳቤዎች ዘረገፉልኝ።

አንዱ ከካሬ ደብተር የተቀደደ ገጽ ነው። ፊደሉ ሁሉ ይንጋደዳል። "ቀኝ እጁ ተቆርጦ በግራው እየተለማመደ ነው የጻፈው" አሉኝ። አጀማመሩ ግን ያው የሁላችንም ነው፦ "ውድ ሲስተር፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ።" እጁን ያጣ ሰው! ከዚያ በታች የፍቅር ቃል ፈለግሁ (ልማድ ነው መቼም)። ያገኘሁት፣ ፋሻው ቁስሉ ላይ ሲደርቅ በለብታ ውሃ እያረጠቡ ቀስ ብለው ይፈቱለት እንደነበር ብቻ ነው። ገጹን የሞላው ይኸው ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቁስለኞች በነርሶች ማስታወሻ ደብተር ላይ ግጥም ይጽፉ፣ ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ ዛሬ በየሙዚየሙ ተቀምጧል። የእኛው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ከነሆስፒታሏ ሲደበድቡ ለነበሩት አስታማሚዎችስ ማን ጽፎላቸው ይሆን?

"መለሱለት ወይ እትዬ?" አልኳቸው።

"በምን ጊዜዬ ልጄ፣ ክፍሉ ሙሉ ቁስለኛ እየጠበቀኝ" አሉና ሦስተኛውን ቀዱልኝ።