«እኩል» የሚለው ቃል መቀስ ላይ ሲደርስ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 የሰንደቅ ዓላማችን አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመሃል፣ ቀዩ ከታች፣ ሦስቱም በእኩል መጠን አግድም ይሆናሉ ይላል። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ ወርዱን የርዝመቱ ግማሽ ያደርግና ትርጉሙን ይዘረዝራል። አረንጓዴው የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት፤ ቢጫው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፤ ቀዩ ለነፃነትና ለእኩልነት የሚከፈል መስዋዕትነትና የጀግንነት ምልክት ነው። ይህን ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። አዳማ ውስጥ በየደጃፉ የተሰቀለውን ቀና ብሎ ላየ ግን «እኩል» የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ስፌት ቤት ቀርቷል።

90 በ180 ሴንቲ ሜትር ሰንደቅ ዓላማ እንስፋ። 90 ለሦስት ሲካፈል 30 ነው ተብሎ ሦስቱም ጨርቅ 30 ይቆረጣል። ስህተቱ እዚሁ ነው። ጨርቆቹ ሲጋጠሙ ከእያንዳንዱ ጠርዝ 1.5 ሴንቲ ይገባል፤ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ለእጥፋት 2 ሴንቲ ይበላል። ሲያልቅ አረንጓዴውና ቀዩ 26.5፣ ቢጫው 27 ይሆናል፤ ወርዱም 80 ላይ ይቀራል። ስለዚህ አረንጓዴውና ቀዩ 33.5፣ ቢጫው 33 ይቆረጥ። ርዝመቱ 186.5 ይሁን፦ 1.5 በምሰሶው በኩል የገመዱ ሸራ ለሚሰፋበት፣ 5 ደግሞ ከምሰሶው በራቀው፣ በነፋሱ በኩል ሁለቴ ለሚታጠፈው።

ዓርማው ላይ ነው ዋናው ጉድ። ሰማያዊው ክብ ሰላምን፣ ቀጥ ያሉትና እኩል የሆኑት መስመሮች የብሔር ብሔረሰቦችንና የሃይማኖቶችን እኩልነት፣ ከመስመሮቹ የተሠራው ኮከብ በፈቃድ የተመሠረተ አንድነትን፣ ቢጫው ጨረር ብሩህ ተስፋን ያሳያል። እንግዲህ መስመር ከሌለ ትርጉሙም የለም። አንዳንድ ሰፊ ግን ከቢጫ ጨርቅ ድፍን ኮከብ ቆርጦ ይለጥፋል። ያ የሌላ አገር ኮከብ ነው። የእኛው ባዶ ነው፤ በመሃሉ ሰማያዊው ይታያል።

አሳሳሉ ቀላል ነው። የኮከቡ ጫፎች የሚያርፉበት ክብ ሬዲየሱ 20 ሴንቲ ቢሆን ኮምፓሱን 23.5 ከፍታችሁ ከላይኛው ነጥብ ጀምሩና ዙሪያውን አምስት ጊዜ ምልክት አድርጉ። አምስተኛው መነሻው ላይ ካልገጠመ ኮምፓሱ ተንሸራቷል ማለት ነውና እንደገና። ከዚያ አንዱን ነጥብ እየዘለላችሁ አገናኙ። አምስቱም መስመር 38 ሴንቲ መውጣት አለበት። አንዱ 37፣ ሌላው 39 ከሆነ እኩልነቱ በሜትር ተሽሯል። አምስቱ ጨረሮች የሚወጡት ከኮከቡ ጫፍ ሳይሆን በጫፎቹ መካከል ካለው ጉድጓድ ነው።

አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ቀጥ ይላል፣ ሁለቱ ወደ ታች ያርፋሉ። የኦሮሚያን ሰንደቅ ዓላማ ማንም አይገለብጥም፤ ኦዳው ዛፍ ነዋ፣ ሥሩ ወደ ሰማይ ሲሆን ወዲያው ያስታውቃል። ኮከቡ ግን ተገልብጦ ቢውልም ቶሎ ዓይን ውስጥ አይገባም። ሰንደቁን የሚሰቅለው ሰው ኮከቡን ትቶ ቀለሙን ይይ፦ ቀይ ከላይ ከሆነ ገመዱ ይፈታ። ቁልቁል የሚንጠለጠል ረጅም ባነር ሲታዘዝ ደግሞ ጨርቁን ማዞር ብቻ አይበቃም፤ ዓርማው ጫፉ ወደ ላይ እንዲሆን ለብቻው ተስተካክሎ ይሰፋ።

ሌላው የአዳማ ነፋስ ነው። ከከተማው ዳር 34 ተርባይን አሽከርክሮ 51 ሜጋ ዋት የሚያወጣ ነፋስ ለጨርቅ አይራራም። የሚቀደደው ሁልጊዜ ከምሰሶው የራቀው ጫፍ ነው፤ እንደ ጅራፍ የሚመታው እሱ ነዋ። እዚያ አራት ረድፍ ስፌት በፖሊስተር ክር ይሂድ፤ የጥጥ ክር ፀሐይና አቧራ ሲፈራረቁበት ቶሎ ይበጠሳል። ጥጥ ጨርቅ ከሆነ በሙቅ ውሃ አይታጠብ፣ ርጥቡንም አጥፋችሁ አታስቀምጡ፤ ቀዩ ቢጫው ላይ ወርዶ ብርቱካናማ ያደርገዋል።

ጫፉ ሲተለተል 10 ሴንቲ ቆርጦ እንደገና ማጠፍ የተለመደ ነው። በቆረጣው 10፣ በአዲሱ እጥፋት 5 ይቀነስና ርዝመቱ 165 ይሆናል፣ የወርድና የርዝመቱ ልክ ይፈርሳል። ዓርማውም መሃል መሆኑ ይቀራል፦ ከምሰሶው በኩል 90፣ ከነፋሱ በኩል 75። ሲያልቅ አውርዶ አዲስ መስፋት ነው።