የጠበቆች የአደራ ሒሳብ ወለድ ለነፃ የሕግ ድጋፍ፦ ግራንቱን ያገኘንበት አካሄድ

ሜሪላንድ ውስጥ ለስደተኛ ወገኖቻችን ጥብቅና ለሚቆም አነስተኛ ድርጅት ከአዮልታ (IOLTA፣ ከጠበቆች የአደራ ሒሳብ ወለድ ለሕግ ድጋፍ ከሚሰበሰበው ገንዘብ) ግራንት ያገኘንበትን አካሄድ ላካፍላችሁ። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ገንዘቡ ከየት እንደሚመነጭ እወቁ፤ መቼ እንደሚበዛና መቼ እንደሚደርቅ የሚነግራችሁ ምንጩ ነው።

ጠበቃ የደንበኛን ገንዘብ ከራሱ ጋር መቀላቀል አይችልም። ገና ያልሠራበትን ቅድሚያ ክፍያ ወይም ለደንበኛው የመጣ ካሳ በአደራ ሒሳብ ያስቀምጣል። ገንዘቡ ብዙ ከሆነ ወይም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ለብቻው ሒሳብ ይከፈትና ወለዱ ለደንበኛው ይሄዳል። 1,500 ዶላር ግን በ1 በመቶ ወለድ በ30 ቀን የሚያፈራው 1 ዶላር ከ23 ሳንቲም ነው፤ የባንክ ክፍያውን እንኳ አይችልም። ስለዚህ ጠበቃው እንዲህ ያሉ ገንዘቦችን በአንድ ሒሳብ ያኖራል፤ ባንኩም ወለዱን በቀጥታ ለሕግ ድጋፍ ወደሚያውለው ተቋም ይልካል። አሠራሩ በአሜሪካ የተጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 በፍሎሪዳ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 በ5 ለ4 ድምፅ ሲያጸናው፣ ደንበኞቹ የተጣራ ኪሳራ ስላልደረሰባቸው ካሳ አይገባቸውም ብሏል።

በሜሪላንድ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው በ1982 የተቋቋመው ሜሪላንድ ሊጋል ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን ነው። ከፌዴራሉ ሊጋል ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን ጋር አታምታቱት። ልዩነቱ ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነው፦ ከፌዴራሉ ገንዘብ የሚወስድ ድርጅት የጥገኝነት ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ መወከል አይችልም፤ ገደቡም ከሌላ ምንጭ ባገኘው ገንዘብ ላይ ጭምር ይሠራል። እኛ የፌዴራሉን ሳንወስድ በአዮልታ የቆየነው ለዚህ ነው። ዋጋ አለው፣ በጀታችን ጠባብ ነው፤ ግን የጥገኝነት ጉዳዮችን ትተን ሥራ ሠራን ማለት አንችልም።

ማመልከቻው ላይ ከሁሉ በላይ የደከምንበት የጉዳይ ቆጠራው ነው። ምክር ብቻ የተሰጠው፣ አንድ ደብዳቤ የተጻፈለትና ችሎት የተቆመለት ለየብቻ ይቆጠራሉ። ከቤት የማስወጣት ክስና የምግብ ድጎማ ጥያቄ ያላቸው አንዲት እናት ሁለት ጉዳይ ናቸው፤ በአንዱ ክስ ሦስት ጊዜ ቢመላለሱ ግን አንድ ጉዳይ ነው። ይህ ካልተለየ ቁጥሩ ያብጣል፣ ገምጋሚው ፋይል ሲያስወጣም አይገጥምም።

ቀጥሎ የትርጉም ወጪ። በአስተርጓሚ የሚደረግ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ በጀቱ ላይ በሁለት ሰዓት አስሉት። ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የሚቀርብ የአማርኛ ሰነድ ሁሉ ከተርጓሚ ማረጋገጫ ጋር መተርጎም አለበት፤ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረውም ቀኑ ላይ ነው። ጥር 10 ቀን 2010 የተሰጠ የቀበሌ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን 2018 ነው። ተርጓሚው 2010ን እንዳለ ከተወው ወረቀቱ ከደንበኛው ቃል ጋር ይጋጫል፣ ዳኛውም ቃሉን ይጠራጠራል። ስለዚህ ትርጉሙን የሚያመሳክር ሁለተኛ አንባቢ በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። ገምጋሚዎች ለምን ብለው ጠየቁ፤ ይህችኑ ምሳሌ አስረድተን አለፈ።

ከዚያ የወለዱ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ በዲሴምበር 2008 እና በማርች 2020 ወለዱን ወደ ዜሮ ሲያወርድ የአዮልታ ገቢም አብሮ ወረደ። በ2008 የቤት ሽያጭ በመቀዛቀዙ ከሽያጩ በጠበቆች አደራ የሚቀመጠው ገንዘብ ራሱ አነሰ። የጠበቃ ደመወዝ ሙሉውን በአዮልታ ላይ ከጫናችሁ፣ ወለድ በወረደበት ዓመት ችሎት የተቀጠረለት ደንበኛ ያለ ጠበቃ ይቀራል። እኛ ደመወዙን በሦስት ምንጮች ከፋፍለን፣ ወለድ ከፍ ባለበት ዓመት የሚመጣውን ጭማሪ ለማይደጋገም ወጪ እናውላለን፦ ቅጾችን ማስተርጎም፣ የመዝገብ ሶፍትዌር፣ የበጎ ፈቃድ ጠበቆች ሥልጠና።

የሰዓት መዝገቡ በየዕለቱ ይሞላ፤ በወር መጨረሻ በግምት የተሞላ ኦዲተር ፊት አይቆምም። ሪፖርት ላይ የደንበኛ ስም አይጻፍ፣ የመዝገብ ቁጥር ብቻ። የደንበኛው የገቢ ማረጋገጫና ጉዳዩ በምን እንደተዘጋ የሚያሳየው የመዝጊያ ኮድ ግን በእያንዳንዱ ፋይል ፊተኛ ገጽ ላይ ይሁኑ፣ ገምጋሚው የደንበኛውን ምስጢር ሳይገልጥ የሚፈልገውን እንዲያገኝ።