ቪትዝ ዲኤክስ አይደለችም

ዲኤክስ የምንላትን የድሮ ቶዮታ ኮሮላ ሲነዳ የኖረ ሰው ትንሿን ቶዮታ ቪትዝ ሲገዛ ምክር ይጎርፍለታል። ነዳጅ ትቆጥባለች። መለዋወጫዋ እንደ ልብ ነው። ስትሸጣት ገንዘብህን አታስቀርብህም። ዝናብ ላይ ጠባይዋ ሌላ ነው የሚል ግን አንድ ሰው አይገኝም። ለእኔ የነገረኝ ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዋ ዲኤክስ ሞተሯ ፊት ይሁን እንጂ ጉልበቱ በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ሄዶ የኋላ ጎማዎችን ነው የሚያዞረው። ላዳም እንደዚያው ነው፣ ሚኒባሱም፣ አባዱላውም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 አብዛኛውን ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ አዞረው። ቪትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ ጀምሮ፣ እኛ ሰፈር የምትታየዋ ማለቴ ነው፣ ከፊት ጎታች ናት። የፊት ጎማዋ ይጎትታል፣ ይታጠፋል፣ የፍሬኑንም ትልቁን ድርሻ ይሸከማል። የኋላው ዝም ብሎ ይከተላል። ይከተላል ያልኩት ደህና ጎማ ካለው ነው፤ እመለስበታለሁ።

ስም አዛወርኩ፣ ኢንሹራንስ ገባሁ፣ ዓመታዊ ምርመራ አሳለፍኳት፣ ቦሎ ለጠፍኩ። ወረፋ ነው፤ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ዳገት ነው። የሰፈራችን መግቢያ ኮብልስቶን ነው፣ ቀጥ ያለ። ዲኤክሷ ሰው ስትሞላ ይህን ዳገት የበለጠ ትወደው ነበር። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የሚገፉት ጎማዎች ደግሞ እዚያው ናቸው። ቪትዟ በተቃራኒው ናት። ብቻዬን ስሆን ትወጣለች። ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ ድንጋዩ ከረጠበ ግን አፍንጫዋ ይቀልላታል፣ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ የላስቲክ ሽታ ይመጣል። ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር ይብስባታል። መፍትሔው ያስቃል፤ ዞራችሁ በኋላ ማርሽ ውጡ። ያኔ የሚሠሩት ጎማዎች ከታች በኩል ይሆኑና ክብደቱ እነሱ ላይ ይወርዳል። የሰፈሩ ጥበቃ «ጋሼ፣ ዛሬም በጀርባ ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ እቤቴ እገባለሁ።

ሜዳ ላይ ጭቃ ከሆነ ግን ቪትዝ ትበልጣለች። ሞተሩ ራሱ የሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ተቀምጧል። ዲኤክስ ባዶዋን ጭቃ ስትገባ ቂጧን ትወዘውዛለች፤ ክረምት በገባ ቁጥር ኋላ የአሸዋ ጆንያ እጭንላት ነበር። ለቪትዝ ይህን እንዳታደርጉ። የባሰ ፊቷን ታቀልሉባታላችሁ።

አሁን ወደ ጎማው።

ከፊት የምትጎትት መኪና የፊት ጎማ ትበላለች። የእኔም ፊቱ ሙልጭ አለ፣ የኋላው ግማሽ ያህል ጥርስ ቀርቶት ነበር። አራት ልግዛ ብል የጎማ ዋጋን ታውቁታላችሁ። ሁለት ገዛሁና ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። የኋላውን ወደ ፊት አዙሮ አዲሱን ኋላ ማስገባት ይቻል እንደሆን ጠየቅኩት። ልጁ ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ የሚሠራው እኮ ፊቱ ነው። አዲስ ጎማ ኋላ አስገብተው ሊያስቀምጡት ነው?»

እርግጠኛ ለመሆን መንጃ ፈቃድ የሚያስተምር አንድ የማውቀው ሰው ጋ ደወልኩ። እሱም ያለ ማመንታት «አዲስ ጎማ ለሚነዳው እግር» አለኝ። እንደ ሕግ አንቀጽ ነው የተናገረው። አዲሶቹን ፊት አስገባሁና ምርመራ ሄድኩ። ባለሙያው መብራት አየ፣ ፍሬን አየ፣ የእሳት ማጥፊያ ጠየቀ፣ የፊት ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «አዲስ ነው» ብሎ አለፈ። ኋላውን ጎንበስ ብሎ አላየም። ግማሽ ያለቀ ብቻ ሳይሆን በዕድሜ የደረቀ ጎማ ነበር እኮ! ጥፍር ብትጫኑበት የማይገባ።

ሐምሌ ነው። ከሚስቴ ወንድም ጋር ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድን ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ላይ ግን ጎርፍ ያወረደው አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፏል። ቀስ ብዬ ነበር የምወርደው፤ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ። ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ መንገዱ ከጠበቅኩት በላይ ሲታጠፍብኝ እግሬን ከነዳጁ ላይ ብድግ አደረግኩ። ዲኤክስ ላይ ይህ መድኃኒት ነው። እሷ ቂጧ የሚሄደው ነዳጅ ሲበዛባት ስለሆነ፣ እግርህን ረጋ ብለህ ስታነሳላት ትመለሳለች። እግሬ ይህን ለዓመታት ተምሯል።

ቪትዝ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ኩርባ መሃል፣ ይኸው መድኃኒት በሽታ ነው። እግር ሲነሳ የሞተሩ መያዝ ያረፈው በፊት ጎማዎቹ ብቻ ነው። ክብደቷ ወደ ፊት ይደፋል። ፊት አዲስ ጎማ አለ፣ ቆንጥጦ ይይዛል። ኋላው ቀልሏል፣ ጎማውም የደረቀ ነው፣ ምንም የሚይዘው የለም። ፊቱ ቆሞ ኋላው ዞረ። ጊዜ የለውም፤ መንገዱን እያየሁ ነበር፣ ወዲያው ገደሉን እያየሁ ነው። የሚስቴ ወንድም «የእጅ ፍሬን! የእጅ ፍሬኑን ሳበው!» እያለ ይጮሃል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ብስበው ኖሮ አንድ ዙር ይጨመርልን ነበር። ደግነቱ የዞረችው ወደ ተራራው በኩል ነው። የኋላ ጎማዋ የቦዩን ድንጋይ መታና ቆመች። ሰው አልተጎዳም።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ጎማውን እንዲያይልኝ ለመንኩት። እሱም ሄዶ ያየው ፊቱን ነው! «አዲስ ጎማ ይዘው እንዴት ይንሸራተታሉ?» አለኝና ከመንገዱ ሁኔታ ጋር ያልተመጣጠነ ፍጥነት ብሎ ጻፈብኝ። ጡሩምባ እየተነፋብኝ ስወርድ የነበርኩት ሰውዬ ማለት ነው። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ከጎሚስታው እስከ መርማሪው፣ ከመርማሪው እስከ ትራፊኩ፣ ለኋላ ጎማ አንገቱን ያጎነበሰ አንድ ሰው የለም።

የኋላዋን ሁለት ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት ጠምሟል። ሶማሌ ተራ ሄጄ ፈለግኩ። እስኪገኝ ድረስ መኪናዋ ወደ ጎን ነበር የምትሄደው፣ መሪውን አጣምሜ ነው ቀጥ የማስኬዳት። ብረቱን የቀየሩልኝ ሽማግሌ መካኒክ ግን ጎማዎቹን አየት አድርገው ሳይጠየቁ ነገሩ ገባቸው።

«ልጄ፣ አዲሱን ኋላ አድርገው። ፊቱ ሲከዳህ በመሪው ትሰማዋለህ። ኋላው ሲከዳህ ማን ይነግርሃል?»

በኋላ ሳጣራ እንደ ሚሸሊን ያሉ ጎማ ሠሪዎችም ይህንኑ ነው የሚሉት። ሁለት ብቻ ከገዛችሁ፣ መኪናዋ በፊትም ትነዳ በኋላ፣ የተሻለው ጎማ ኋላ ይግባ። ጎሚስታው ይስቅባችሁ። የእኔም ሳቀ፣ ሂሳቡን ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት።

ጎማውን ካዟዟርኩ በኋላ ለገጣፎ አካባቢ ባዶ የጠጠር ሜዳ ፈልጌ ሞከርኳት። ይህን መንጃ ፈቃድ ሲሰጡን ሊያሳዩን ይገባ ነበር፤ እነሱ ግን ኮን መሃል ስናቆም ነው ያዩን። አሁን ፊቱ ነው ቀድሞ የሚንሸራተተው። መሪውን ታዞራለህ፣ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ መሪው እጅህ ላይ ይቀልላል። የሰው ሁሉ እጅ ያኔ የበለጠ ማዞር ያምረዋል። አታዙሩ። ነዳጁን በዝግታ ቀንሱ፣ መሪውን እንዲያውም ትንሽ መልሱ፣ ጎማው ሲይዝ ራሷ ትታጠፋለች። ኋላው ከሄደባችሁ ደግሞ መሪውን መሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ አድርጉና፣ ከፊት የምትጎትት ከሆነች ጥቂት ነዳጅ ስጧት። አዎ፣ ስጧት። አፍንጫዋ ስቦ ያቃናታል። ዲኤክስ ላይ ይህን ብታደርጉ ግን ትሽከረከራላችሁ፤ እዚያ ነዳጁን ረጋ ብሎ መቀነስ ነው። በሁለቱም ላይ ፍሬን መደብደብ የለም።

ሌላም አለ። «ቁልቁለት በከባድ ማርሽ» ይላሉ አስተማሪዎች። ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የሚናገሩት። ማርሹ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ይግባ። እርጥብ ኩርባ መሃል ሁለተኛ አስገብቶ ፍሪሲዮን በድንገት የለቀቀ ሰው፣ ዲኤክስ ላይ የኋላ ጎማዎቹን ፍሬን እንደያዘ ነው የሚቆጠረው።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሳው በኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ምክንያት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ ቪትዝ ላይ የተማሩ ልጆች ፎልክስዋገን አይዲ ፎር እየገዙ ነው። የወንድሜ ልጅም ገዝቷል። ባለ አንድ ሞተሩ አይዲ ፎር ሞተሩ ኋላ ነው፣ የሚነዳውም ከኋላ። ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ጉልበቱም ገና ሲነካ ነው የሚመጣው። ቢዋይዲ ዶልፊን ደግሞ ከፊት ነው። ሁለቱም ባትሪ ስለሆኑ አንድ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው እኔ የሄድኩበትን መንገድ በተቃራኒው ሊሄድበት ነው። ኮምፒውተሩ ብዙውን ያርማል፣ አልክድም። ጎማ ግን አይተክልም። አይዲ ፎሩን «ቢ» ላይ፣ ማለትም እግር ሲነሳ ሞተሩ አጥብቆ በሚይዝበት ማርሽ ላይ አድርጋችሁ እግር ስታነሱ መኪናዋን የሚይዛት ያ የኋላ ሞተር ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና የፈሰሰውን ዘይት ገና ሲለውሰው፣ እርጥብ ኩርባ መሃል ግን እግራችሁን በዝግታ አንሱ። የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፣ እሷ ራሷ ታውቃለች» ይለኛል። ያሳየኝ ዘንድ እንጦጦ አብረን እንድንወጣ ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን ጊዜ አላገኘም።

ጎማ ስትቀይሩ ነፋሱንም አስለኩ። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ የፊትና የኋላው ልክ ሊለያይም ይችላል። ጎሚስታው በመዶሻ ነካ አድርጎ «ይበቃዋል» ካላችሁ መለኪያ አምጣ በሉት።