ለኮምፔርሳቶ እጃችሁን አትመኑ፣ መሪ ሥሩለት

በእጅ ሰርኩላር መጋዝ ሙሉ ኮምፔርሳቶ በዓይኑ ብቻ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው አለ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን እስካሁን አላየሁም። 244 ሳንቲ ረጅም መንገድ ነው። መሃል ላይ ሁለት ሚሊ ከሳታችሁ፣ ቁም ሳጥኑ የሚገጠም ቀን በሩ ያሳብቅባችኋል።

መፍትሔው መሪ ነው፣ መጋዙ ተጠግቶት የሚሄድ ቀጥ ያለ ጠርዝ። ለዚህ ደግሞ ባለ ሀዲድ ውድ መጋዝ ፍለጋ የድሬዳዋን ታይዋን ገበያ ማሰስ አያስፈልግም (የድሬ ልጅ ስለ ሀዲድ ጥቅም ባይነገረውም)። ያንን ብር ለጥሩ ዲስክ አውሉት። ባለ 24 ጥርሱ ለጣውላ ይበቃል፣ ኮምፔርሳቶ ላይ ግን ስንጥር ያነሳል። 40 ወይም 60 ጥርስ ያለው ፈልጉ።

መሪውን የምሠራው ከራሱ ከኮምፔርሳቶ ነው። ከ6 ሚሊው ላይ 30 ሳንቲ ስፋት ያለው፣ ርዝመቱ ሙሉ የሆነ ቁራጭ መቀመጫ ይሆናል። በላዩ ከ12 ሚሊው የወጣ 10 ሳንቲ ስፋት ያለው ድጋፍ በኮላና በአጫጭር ብሎን ይታሰራል። መጋዙ ተጠግቶት የሚሄደው የድጋፉ ጠርዝ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው መሆን አለበት። ሌላኛው ጎኑ ቢንጋደድም ግድ የለም። ድጋፉን በጣም አታወፍሩት፣ ሞተሩ በላዩ ላይ ስለሚያልፍ ይነካዋል።

አሁን ዋናው ነገር። መቀመጫውን ሆን ብላችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ተዉት። ኮላው ሲደርቅ መጋዙን ከድጋፉ አስጠግታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንዱት፣ ትርፉ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የመቀመጫው ጠርዝ ማለት ዲስኩ የሚያልፍበት መስመር ማለት ነው። ከዲስኩ እስከ መጋዙ ጫማ (ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ብረት) ጠርዝ ስንት ነው እያሉ መደመርና መቀነስ ቀረ። ጠርዙን እርሳሱ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በሞርሳ ታስራላችሁ፣ ትቆርጣላችሁ። መሪው የሚተኛው ለሥራ በምትፈልጉት ቁራጭ ላይ ነው፣ ዲስኩ የሚበላው ከትርፉ በኩል ይሁን። ሌላ መጋዝ ወይም ሌላ ውፍረት ያለው ዲስክ ከመጣ ግን ጠርዙ አይገጥምም። ስለዚህ የየትኛው መጋዝና ዲስክ መሪ እንደሆነ በላዩ ላይ ጻፉበት።

ዲስኩ የሚበላውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የኮምፔርሳቶውን 122 ሳንቲ ስፋት ለአራት እኩል መደርደሪያ ስታካፍሉ መልሱ 30.5 አይደለም። ዲስኩ 2.5 ሚሊ ከበላ፣ በሦስት ቁርጥ 7.5 ሚሊ ዱቄት ሆኖ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ 30.3 ገደማ ይወጣል። ደግሞ ሦስቱንም መስመር በአንድ ጊዜ አታስምሩ። አንዱን ቁረጡ፣ ከዚያ እንደገና ለኩ።

የዲስኩ ጥልቀት ላይ መሪውን አትርሱ። 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ 6 ሚሊ መቀመጫ፣ 5 ሚሊ ከታች ትርፍ፣ በጠቅላላው 29 ሚሊ። የዚህ መጋዝ ጥርስ ከሥር ወደ ላይ ስለሚቆርጥ ስንጥሩ የሚነሳው በላይኛው ፊት ነው፣ ስለዚህ ቆንጆው ፊት ወደ ታች ይተኛ። በመሪው በኩል ያለውን መቀመጫው ጨቁኖ ይይዘዋል። በሌላው በኩል ያለውም ቁራጭ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ መስመሩን አስቀድማችሁ በምላጭ ጫር አድርጉት።

ከሥር እንጨቶች ደርድሩና ሁለቱም ቁራጭ ተደግፎ ይቆይ። መሃሉ ወደ ታች ከጎበጠ ዲስኩን ይነክሰዋል፣ መጋዙም ወደ እናንተ ይመለሳል። ለዚህ ነው ከመጋዙ ኋላ በቀጥታ ሳይሆን ወደ ጎን የሚቆመው። መነጽርም አይቅር።

መሪው ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ረጅም ወረቀት ወይም ንጹህ ኮምፔርሳቶ ላይ በጠርዙ መስመር አስምሩ፣ ከዚያ መሪውን ጫፎቹን አቀያይራችሁ ወደ መስመሩ ማዶ አዙሩትና በዚያው ጠርዝ ከዚያው መስመር ላይ እንደገና አስምሩ። ሁለቱ መሃል ላይ ከተለያዩ ጎብጧል። የሙሉውን ኮምፔርሳቶ ማዕዘን ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ለኩት። 122 በ244 ከሆነ ሁለቱም ሰያፍ 272.8 ሳንቲ መምጣት አለባቸው። እኩል ካልሆኑ ጥጉን አትመኑት።

ድሬ ላይ ኮምፔርሳቶ ግድግዳ አስደግፎ ፀሐይ ላይ ማዋል ማለት ማጉበጥ ማለት ነው። ጥላ ውስጥ አጋድሙት፣ መሪውንም አብራችሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ሥራ ያላችሁ ደግሞ ሙሉውን ይዛችሁ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ከመታጠፍ፣ ከበሩ ውጭ ቆርጣችሁ ግቡ።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ጣታችሁን ከማስነሻው አንሱ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ማስነሻውን የሚቆልፍ ቁልፍ ያለው መጋዝ ከሆነ ቁልፉ መለቀቁን እዩ፣ ካልተለቀቀ መብራቱ ሲመለስ ሳያስጠነቅቃችሁ ይነሳል። ከዚያ መጋዙን ትንሽ ወደ ኋላ ስባችሁ፣ ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ብቻ ቀጥሉ።