7 ዓመቱ የት ገባ?

የኔ ቤት ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ትርጉም ነው። ለገጣፎ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ጥቅምት ላይ ዲቪ ስንሞላ ኖረናል፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ሰፈሩ የአሜሪካን ነገር ሁሉ በዲቪ የሚለካው።

እትዬም እንደዚያው ናቸው። ባላቸው ዱባይ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፣ ከ20 ዓመት በላይ እዚያ ከርመዋል፣ አሁን ቤተሰቡን ይዘው አሜሪካ ለመሄድ ኢቢ-5 በሚባለው፣ እዚያ ገንዘብ አስገብቶ የመኖሪያ ፈቃድ በሚጠየቅበት የኢንቨስተር መንገድ አመልክተዋል። እትዬ በየማክሰኞው ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ይሉና ከቦርሳቸው አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ያወጣሉ። የማመልከቻው ቁጥር በትልልቁ ተጽፎባታል። "እስቲ አስገባና እይልኝ፣ ደርሶናል?"

ይደርሳል እንዴ? ዕጣ አይደለም እኮ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ወር ይፈጃል? የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጹ ላይ የወር ቁጥር ያወጣል። እኔም መጀመሪያ እንደ ቀጠሮ ነበር የማነበው። ቁጥሩ ግን በቅርቡ ውሳኔ ካገኙት ፋይሎች 80 ከመቶው ያለቁበት ጊዜ ነው። አማካይም አይደለም፣ ቃል የተገባም አይደለም። መገናኛ የጣፎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ስንት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ ተሳፍረው የሄዱትን ብቻ እንደመጠየቅ ነው። አጠገብህ የቆሙት አልተቆጠሩም።

ሰልፉም ቀጥ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ቪዛ ያለው አገር ሰው ፋይል ቀድሞ ይታያል። በዓመት ያለው ቪዛ ለዚህ ዘርፍ 10 ሺህ ገደማ ነው፣ ሚስትና ልጆችም ከዚያው ላይ ይቆጠራሉ፣ አንድ አገር ደግሞ በመደበኛው 7 ከመቶ ነው ድርሻው። ቻይናና ህንድ ውስጥ አመልካቹ ስለበዛ ወረፋው ተቆልሏል። ኢትዮጵያዊ እዚያ ወረፋ ውስጥ የለም። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ገጠር ውስጥ ባለ ፕሮጀክት ገንዘቡን ያስገባ ሰው ቅድሚያ እንዲያገኝ አደረገ። ስለዚህ ካንተ በኋላ ያመለከተ ሰው ቀድሞህ ቢሄድ የግድ ጉቦ አይደለም። የእትዬ ባል ሥራ አጥ የበዛበት የከተማ አካባቢ መረጡ። መነሻው ለገጠሩም ለዚያም ያው 800 ሺህ ዶላር ነው፣ ግን "ገጠሩን ማን ያውቀዋል" አሉ። የሳቸው ገንዘብ፣ እኔ ምን አገባኝ።

ቤቱን ሸጦ "እኔስ?" የሚለኝም አልጠፋም። ወንድሜ፣ ብር መያዝ አይበቃም። እዚህ ለዚህ ጉዳይ ብሎ 800 ሺህ ዶላር የሚሸጥልህ ባንክ የለም፤ በጥቁር ገበያ አወጣዋለሁ ካልክ ደግሞ ማመልከቻው የሚጠይቅህ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ በየት በኩል ሄደ የሚለውን ነው። እዚያው ላይ ታንቀህ ትቀራለህ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

የእትዬ ባል ሱቁን የጀመሩት ከጓደኛቸው ጋር ነበር። ጓደኛው ድርሻውን ሲለቅላቸው ለእረፍት እዚህ መጥተው ስለነበር ውሉን በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ገጽ አድርገው ተፈራረሙ። ጥቅምት 11 ቀን 2003 ይላል። ከማመልከቻው ጋር እንዲገባ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ቀኑንና ወሩን በትክክል ቀይሬ ኦክቶበር 21 አልኩ፣ ዓመቱን ግን እንዳለ 2003 ብዬ ተውኩት፣ ከታችም ትርጉሙ ሙሉና ትክክል ነው ብዬ ፈረምኩ። መብራት ሊጠፋ ነው ብዬ ስጣደፍ ነበር፤ ምክንያት ከሆነ።

ከብዙ ወር ዝምታ በኋላ ተጨማሪ ማስረጃ አቅርቡ የሚል ደብዳቤ መጣ። የዱባዩ ባንክ ወረቀት የድርሻው ክፍያ በ2010 ተፈጸመ ይላል፣ ውሉ በ2003 ተፈረመ ይላል፤ በመሀል ያለው የ7 ዓመት ትርፍ የማን ነበር? ጥያቄው ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ደብዳቤውን ሳነበው ወንበሬ ላይ ላብ አሰመጠኝ።

ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 84 ቀን ነው፣ አይራዘምም። ትርጉሙን አስተካከልኩ፣ ስለኛ አቆጣጠር የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጨመርን፣ ጓደኛውም ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ። በሦስት ሳምንት አስገባን። ፋይሉ ደግሞ እንደገና ዝም አለ።

እትዬን ያስጨነቃቸው ልጅቷ ናት። ማመልከቻው ሲገባ 19 ዓመት ከ8 ወሯ ነበር፤ 21 ከሞላች ትቀራለች ብለው እንቅልፍ አጡ። እዚህ ላይ ግን ሕጉ ደግ ነው። ማመልከቻው ሲታይ የቆየበት ቀን ሁሉ ከዕድሜዋ ላይ ይቀነሳል፤ ቪዛው ዝግጁ ከሆነ በኋላ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሂደቱን መጀመር አለባት። ይሄን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "ታዲያ ፈረንጆቹ ያሳንሷታል በለኛ!"

ከጸደቀም በኋላ ኤምባሲው አለ፣ የሁለት ዓመቱ ጊዜያዊ ግሪን ካርድ አለ፣ በገንዘቡ 10 ሰው ሥራ መቀጠሩን ማሳየት አለ፣ ያንንም ሌላ ሰልፍ ቆሞ ነው። ይሄን ገና አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ማክሰኞ መጡ። መብራት የለም፣ በስልኬ ከፈትኩላቸው። ያው ነው፣ በሂደት ላይ። ወረቀቷን አጣጥፈው ቦርሳቸው ከተቱና በሩ ላይ ዞር አሉ።

"እነሱ ጋ አሁን ዓመቱ ስንት ነው?"

ነገርኳቸው።

"አረጋግጠህ ነው?"