ሐረርን ሁለት ጊዜ ማንበብ

ብዙ አገር የዞረ ሁሉ አስተያየቱ ይሰፋል ማለት አይደለም። ብዙ መጽሐፍ ያነበበም እንዲሁ። መንገደኛው ፎቶና የሆቴል ስም ይዞ ይመለሳል፤ አንባቢው ደግሞ ሌላ ሰው ያየለትን የራሱ እይታ አስመስሎ ይናገራል። በእኔ እምነት አእምሮን የሚከፍተው መጽሐፉና ቦታው የማይስማሙበት ነጥብ ነው። እሱን ለማግኘት ዝግጅት ይጠይቃል። ዝግጅቱ ምን እንደሚመስል በአንድ ከተማ፣ በሐረር ላሳያችሁ።

ሐረርን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። የጀጎል ግንብ ያጠረው አሮጌው ከተማ 48 ሄክታር ገደማ ስለሆነ በእግር ይዳረሳል። ስለ እሱ የጻፉትም ሰዎች በብዙ ነገር አይስማሙም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልሁ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሄዳችሁ ከሦስት ሳምንት በፊት ማንበብ ጀምሩ፤ በቀን 20 ገጽ ይበቃል። ከሁለት ወር በፊት የተነበበ ነገር እዚያ ስትደርሱ ይጠፋችኋል፤ በመጨረሻዋ ሌሊት የተነበበም እርስ በርሱ ይደባለቃል። ሦስት ዓይነት ጸሐፊ ያስፈልጋችኋል፦ ከውጭ መጥቶ ያለፈ፣ ከውጭ መጥቶ የኖረ፣ የአካባቢውን ወገን ይዞ የጻፈ።

ያለፈው ሰው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። መንገዱን እንደ ሙስሊም ነጋዴ ለብሶ ጀመረ፤ ከተማዋ ሲቃረብ ግን እንግሊዛዊነቱን ገልጦ በጥር 1855 ሐረር ገባ። የቆየው ዐሥር ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም በአሚሩ ቁጥጥር ሥር ሆኖ። መጽሐፉ በ1856 ታትሟል፤ የባለቤትነት መብቱ ስላለቀ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። በርተንን የምታነቡት እርሳስ ይዛችሁ ይሁን። በዓይኑ ያየውን በአንድ ምልክት፣ ሰው የነገረውን በሌላ፣ የራሱን ፍርድ በሦስተኛ ምልክት ለዩ። ጥቂት ገጾች እንደሄዳችሁ በርግጠኝነት ከሚናገረው ውስጥ ስንቱ ወሬና ፍርድ እንደሆነ ታያላችሁ። በዚያው ልክ ሰውየውን ጠቅልላችሁ አትጣሉት። ከተማዋን እያናናቀ የጻፈው ይኸው በርተን የሐረሪን ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር በመጽሐፉ መጨረሻ አያይዟል። ንቀትና ትጋት በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ማየት በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

የኖረው ሰው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ግጥም ከተወ በኋላ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ የሚነግድ ድርጅት ተቀጥሮ በ1880 መጨረሻ ሐረር መጣ። በመካከሉ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ቆየ። ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች የሚያወሩት ስለ ዋጋ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሕመምና ስለ መሰልቸት ነው። የበርተንን ፍርሃትና ጉጉት ከእነዚህ ደብዳቤዎች አጠገብ አስቀምጡት። ከተማዋ ያው ናት፤ ለየቅል ያስጻፋቸው የቆይታቸው ርዝመትና የመጡበት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ንባብ ከሁሉም ይከብዳል፣ ከሁሉም ግን ይጠቅማል። የኢማም አሕመድን ዘመቻ ከኢማሙ ወገን ሆኖ በዐረብኛ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቀው ጸሐፊ ነው። ያንኑ ዘመን ከክርስቲያኑ ወገን የሚተርከው የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል በግእዝ ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ጥቂት ምዕራፍ አንብቡ። ገላውዴዎስን በ1559 ጦርነት ያሸነፈውና ንጉሡም በዚያ የወደቀበት ሰው አሚር ኑር ነው፤ የጀጎልን ግንብ ያሠራውም እሱ ነው፤ ሐረር ውስጥ መቃብሩ እንደ ወልይ መቃብር ይጎበኛል። አንዱ ወገን የሚያለቅስበት ቀን ለሌላው ምን እንደነበረ የምትረዱት ሁለቱን ስታነቡ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው በዓመት ቁጥር ነው። ከመስከረም እስከ አውሮፓው ዲሴምበር ማለቂያ (ታኅሣሥ 22 ገደማ) ድረስ ከአውሮፓው 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይቀነሳል። ምኒልክ የሐረሩን አሚር ድል ያደረገበት የጨለንቆ ጦርነት በአውሮፓ ጃንዋሪ 1887፣ በእኛ 1879 ዓ.ም. የሆነው ለዚህ ነው። የሐረር የድሮ ጽሑፎች ደግሞ በሂጅራ፣ በእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር፣ ናቸው፤ የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በየ33 ዓመቱ አንድ ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ በቋሚ ቁጥር በመቀነስ አይመለስም። ሦስቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያሰፈረ ትንሽ ሰንጠረዥ በማስታወሻችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሥሩ። ግብፆች ሐረርን ከ1875 እስከ 1885 እንደያዙ፣ ከዚያ አሚር ዐብዱላሂ እንደነገሠ፣ ምኒልክ በ1887 እንደገባ ሦስት መስመር ብትጽፉ ራምቦ በየትኛው ዓመት በማን አስተዳደር ሥር ይነግድ እንደነበር ወዲያው ይገባችኋል።

ማስታወሻው ራሱ እንዲህ ይሁን፤ ደብተሩን ስትገልጡ የግራው ገጽ ለንባብ፣ የቀኙ ለጉዞ። በግራው ከዐሥራ ሁለት ያልበለጡ ጥያቄዎች ከመጽሐፉ ገጽ ቁጥር ጋር ጻፉ፤ ቀኙን ባዶውን ይዛችሁት ሂዱ። «ሐረር ምን ትመስላለች?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ከፖስት ካርድ አያልፍም። «ከግንቡ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ውኃ ከየት ይቀዱ ነበር?»፣ «ግንቡ ሲፈርስ የሚጠግነው ማን ነው?»፣ «ከእነዚህ በሮች በየትኛው ቡና ይገባ ነበር?» የሚሉት ግን ሰው ያናግራሉ።

ከአዲስ አበባ በመኪና 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በቅርብ የተመላለሰ ሰው ጠይቁ። በአውሮፕላን የሚሄድ ድሬዳዋ ወርዶ በደንገጎ ዳገት በኩል በሚኒባስ ሐረር ይገባል። የሚቻል ከሆነ አንዱን ጉዞ በመኪና አድርጉት፤ መንገዱ ጨለንቆን አቋርጦ በቁልቢ ስለሚያልፍ የጦርነቱን ታሪክ ያነበበ ሰው የመሬቱን አቀማመጥ ያየዋል። የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል ሰሞን ግን መንገዱም ማደሪያውም በተሳላሚ ይሞላል።

ከዚያው መንገድ ላይ የሐረማያ ሐይቅ አለ። በድሮ የጉዞ ጽሑፎች ሐይቁ በወፎች የተሞላ ሰፊ ውኃ ነው፤ ሐረርም የመጠጥ ውኃዋን ከዚያ ትቀዳ ነበር። በኋላ ሐይቁ ደርቆ የሣርና የእርሻ መሬት ሆነ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውኃው ተመልሶ ታይቷል። ዋና ምክንያቶቹ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በፓምፕ የተሳበው ውኃ፣ ለከተማ የተቀዳው፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የታጠበው ደለል ናቸው። መጽሐፉና ቦታው አልተስማሙም ማለት እንዲህ ነው። «መጽሐፉ አርጅቷል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ከመኪና ወርዶ አንድ ገበሬ ማናገር ግን ስለ ውኃ፣ ስለ ጫት ዋጋና ስለ መሬት ጥበት በአንድ ጊዜ ያስተምራል።

ሐረር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ። አንድ ሌሊት ያደረ ሰው የሚያየው ለእንግዳ የተዘጋጀውን ብቻ ነው፤ ጅብ ሲበላ፣ የራምቦን ቤት፣ ገበያውን። የራምቦ ቤት የሚባለው ያማረ ሕንፃ እንኳ እሱ ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያሉት የድሮ ፎቶግራፎች ግን ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያውን ቀን ያለ አስጎብኚ ግንቡን ከውጭ በኩል ዙሩ። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ እየቆማችሁ ብትሄዱ ሁለት ሰዓት ይበቃል። አምስቱን የጥንት በሮች ቁጠሩ፤ ስድስተኛው በኋላ ዘመን ለመኪና የተከፈተ ነው። ከግንቡ ሥር ጅቦች የሚገቡባቸውን ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች ፈልጉ። በዐሹራ ለጅብ ገንፎ በቅቤ ማቅረብና ከአበላሉ የዓመቱን መልካምነት መገመት የቆየ ልማድ ነው፤ ቀዳዳዎቹን በቀን ያየ ሰው የምሽቱን የጅብ ማብላት ትርዒት ለብቻው የቆመ አድርጎ አይወስደውም።

በሁለተኛው ቀን አስጎብኚ ያዙና አንድ የሐረሪ ቤት ለማየት ፈቃድ ጠይቁ፤ እዚያ አትቸኩሉ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ወለሉ ቀይ ነው፤ ቀይነቱን በጨለንቆ ከፈሰሰው ደም ጋር አያይዘው የሚነግሯችሁ አሉ። ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር፣ በከፍታ የሚበላለጡ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ የባለቤቱ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ቀድሞ ያያል። ከበሩ ጀርባ ያለው መደብ ደግሞ ለሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ ማን በየት እንደሚቀመጥ በዕድሜ፣ በክብርና በቅርበት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ደክሟችሁ ያገኛችሁት መደብ ላይ ከመቀመጥ «እናቴ፣ የት ልቀመጥ?» በሉ። የምታገኙት መልስ እናንተ በዚያ ቤት ምን እንደሆናችሁም ይነግራችኋል። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችና ሰሃኖች ለጌጥ ብቻ የተደረደሩ አይምሰላችሁ፤ ማን ሠራው፣ ለማን ሠርግ፣ ብላችሁ ጠይቁ። በሩ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለው የሚያመለክት ልማድ ነው ይባላል። ይህን ሁሉ በርተን በዐሥር ቀን አላገኘውም፤ እንግዳ ሆኖ ቤት ለመግባት ሰው መተማመን አለበት።

በሦስተኛው ቀን የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ እና የሸሪፍን ሙዚየም እዩ፤ ከሰዓት በኋላ ፈረስ መጋላ ተቀመጡ። አደባባዩ ላይ ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ግብፆች መስጊድ በሠሩበት ቦታ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ የተማረ ሰው የ1879 ዓ.ም.ን የምኒልክ ዘመቻ «አገር ማቅናት» ብሎ ያነበበው ይሆናል፤ እዚያ ካሉ ሽማግሌዎች ደግሞ እንደ ሽንፈትና እንደ ሐዘን ትሰሙታላችሁ። አትከራከሩ፣ አታስተባብሉ። ጻፉት፤ የቀኙ ገጽ ለዚህ ነው። ፎቶ ከማንሳትም ሆነ ድምፅ ከመቅዳት በፊት ጠይቁ፤ «አይሆንም» ያለ ሰው ደብተርና ብዕር ብዙ ጊዜ አይከለክልም።

ከተመለሳችሁ በኋላ በወር ውስጥ እነዚያኑ ምዕራፎች ድገሙ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ እኔ ግን ካለኝ ጊዜ ግማሹን ለዚህ አውለዋለሁ። በመጀመሪያው ንባብ ያደረጋችሁትን ምልክት በሌላ ቀለም አርሙ፤ «አይቷል» ያላችሁት ስንቱ «ሰምቷል» እንደሚሆን ይታያችኋል። ምላሽ ያላገኙትን ጥያቄዎች ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር፣ ሂዱ፤ ጥያቄው ጠባብ ስለሆነ ፍለጋው አያደክምም።

ውጭ አገር ያላችሁና ለጊዜው ሐረር መሄድ ያልቻላችሁ፣ በተለይ ብዙ ሐረሪ በሚኖርባት በቶሮንቶ ያላችሁ፣ ዐሥራ ሁለቱን ጥያቄዎች ለአንድ ሽማግሌ ወይም ለአንዲት እናት አቅርቡ። ከመልሱ ጎን ከሐረር የወጡበትን ዓመት መጻፍ አትርሱ፤ የሚነግሯችሁ የዚያን ዓመት ሐረር ነው፤ ሐይቁም ሞልቶ ሊሆን ይችላል።